ኮሌጃችን በስፖርት ስም ማስጠራት ይፈልጋል፣ ቡድን ቢቋቋም ደጋፊ ይመጣል ወይ?

የጣና ዳሯ፦

ሰላም ለሁላችሁም የባህር ዳር ልጆች፣ ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። የምሰራው እዚሁ ከተማ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ህዝብ ግንኙነት ክፍል ነው፣ ከገባሁ ገና ሰባት ወሬ ነው። ሰሞኑን ዲናችን ጠሩኝና "ሰው አያውቀንም፣ ስማችን የሚጠራበት ነገር አምጪ" አሉኝ፣ ከዛ ወሬ ወሬን ሲያነሳ ስፖርት ላይ ደረስን። የሳቸው ሀሳብ የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመን፣ ከውጪ ተጫዋች አስፈርመን፣ የኮሌጁን ስም ማልያው ላይ ፅፈን ሊግ መግባት ነው። "ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲባል አልሰማሽም? ቡድኑ በተጠራ ቁጥር ዩኒቨርሲቲውም ይጠራል" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ እኔ ራሴ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ መኖሩን መጀመሪያ የሰማሁት በኳስ ዜና ነው።

ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ የራሳችን ተማሪዎች የዲፓርትመንት ጨዋታ ነበራቸው፣ አካውንቲንግና ነርሲንግ፣ ለፌስቡክ ገፃችን ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ቆጥሬዋለሁ፣ እኔን ጨምሮ አስራ ዘጠኝ። ተጫዋቾቹ የለበሱት ደግሞ እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን ነው፣ በሁለቱም ቡድን ውስጥ አርሰናልም አለ ማንችስተርም አለ ቼልሲም አለ፣ ማን የማን እንደሆነ ስላልለየ ዳኛው ነርሲንጎቹን ማልያ አስወልቆ ባዶ ደረታቸውን አጫወታቸው። የኮሌጃችን ስም ያለበት አንድ ጨርቅ እንኳ ሜዳው ላይ አልነበረም። ማታ እዛው ግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ዲኤስቲቪ ቤት መቀመጫ ጠፍቶ ተማሪዎቻችን በር ላይ ቆመው ያያሉ፣ ቡድናቸው ሲሸነፍ እራት ሳይበላ የሚተኛ አለ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ልጆቹ መውደድማ ያውቁበታል፣ ታዲያ የራሳቸውን ለምን አይወዱም? ቡድን ስለተቋቋመ ብቻ ፍቅር ይመጣል እንዴ? ሰኞ ሳምንት ሀሳቤን በፅሁፍ አቀርባለሁ። ያየ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።

የፔዳ ልጅ 2002፦

እህቴ ጥያቄሽ ልቤን ነካው። እኔ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው የተማርኩት፣ እና ያ ፍቅር በኛ ጊዜ ነበር፣ ማንም በጀት መድቦለት ሳይሆን ማለቴ ነው። ፔዳና ሌላኛው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ፖሊ ሲጋጠሙ እኮ ከሶስት ቀን በፊት ጀምሮ ዶርም ውስጥ ሌላ ወሬ የለም፣ ፈተና ያለበት እንኳ ደብተሩን ይዞ ሜዳ ዳር ይመጣል። ከበሮ ስለሌለን ቢጫ ጀሪካን ነበር የምንመታው፣ ግማሹ የምግብ ትሪ ይዞ ይወጣል። አንድ አመት እኛ ዶርም ያሉ ልጆች የአንዱን አንሶላ ዘርግተን በጥቁር የጫማ ቀለም ባነር ፃፍን፣ ቀለሙ ለሶስት ቀን ሳይደርቅ ቆይቶ በጨዋታው ቀን የያዘው ሁሉ እጁና ልብሱ ጠቆረ፣ ስንገባ ተሸነፍን ስንወጣ እየዘፈንን ነበር። ያ አንሶላ እስካሁን እናቴ ቤት አለ፣ ባለፈው ለልጄ አሳየሁት።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ፖሊ የተቋቋመው በ1955 ነው፣ ፔዳ ደግሞ በ1965፣ ሁለቱ ተዋህደው ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የተባሉት በ1992 ነው። የፔዳጎጂ አካዳሚ የሚባለው ስም ከወረቀት ላይ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ግን አሁንም ባጃጅ ስትይዢ "ፔዳ" ነው የምትይው፣ ልጁም "የፔዳ ነኝ" ብሎ ነው ደረቱን የሚነፋው። ይሄን ስም ማንም ቢሮ ተቀምጦ አላወጣውም፣ ተማሪው ነው ያወጣው፣ ያቆየውም ፖሊ የሚባል ተቀናቃኝ ስላለው ነው። እኔ ብቻዬን ፔዳ ነኝ ብዬ ምን ላደርግ ነው፣ ፔዳ የሚያደርገኝ የኔን መሸነፍ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚ ቡድን ከማቋቋማችሁ በፊት ማንን ነው የምትገጥሙት የሚለውን አስቡ። ሊግ ገብተሽ በአምስት መቶ ኪሎሜትር ርቀት ካለ የማታውቂው ቡድን ጋር ብትጫወቺ ለተማሪው ምኑ ነው? ከመንገድ ማዶ ያለው ኮሌጅ ግን የጎረቤቱ ልጅ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛው፣ አንዳንዴም እህቱ የምትማርበት ነው።

አን አርበር ያለሁት፦

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እኔ የድባንቄ ልጅ ነኝ፣ አሁን አሜሪካ ሚሺጋን አን አርበር የሚባል ከተማ ነው ያለሁት ለማስተርስ መጥቼ፣ ስለዚ ይሄ ነገር በየሳምንቱ በደጄ ነው የሚያልፈው።

እዚህ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል፣ የከተማው ህዝብ ራሱ 120 ሺ ገደማ ነው እንግዲህ አስቡት። ጨዋታ ባለበት ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ከተማው በሙሉ ቢጫና ሰማያዊ ለብሷል፣ አሮጊቷም ህፃኑም ውሻውም ጭምር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ስጋ እየተጠበሰ ሰው ከማለዳ ጀምሮ አብሮ ይበላል። እኔ መጀመሪያ ስመጣ የነሱ ፉትቦል፣ ኳሱ በእጅ የሚያዘው፣ ህጉ ምን እንደሆነ ጭራሽ አይገባኝም ነበር፣ የወሰደኝ አንድ የሰማንያ አመት ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው፣ ሲማር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዛው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ኳሱን ትቶ ድሮ አጠገቡ ይቀመጡ ስለነበሩ ጓደኞቹ ሲነግረኝ ዋለ። ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ሰውየው ስታዲየም የሚመጣው ወደ ሃያ አመቱ ለመመለስ ነው።

የፔዳ ልጅ ያልከው ትክክል ነው፣ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርቱ ከጎረቤት ክፍለ ሀገር ካለው ከኦሃዮ ስቴት ጋር የሚደረገው ጨዋታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት በፈረንጆቹ 1897 ነው፣ አሁን ሁሌ ህዳር መጨረሻ ላይ ነው የሚጫወቱት፣ አመቱን ሙሉ ያሸነፈ ቡድን ያቺን አንዷን ጨዋታ ከተሸነፈ ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ቀኗ ትታወቃለች፣ ሰው ለሰርግ ቀን ሲቆርጥ እንኳ እሷን አይቶ ነው።

ሌላው ያስተዋልኩት አዲስ ተማሪ እንደገባ ገና ክላስ ሳይጀምር የትምህርት ቤቱን መዝሙርና ጭብጨባ ያስተምሩታል። እኛ ጋ ፍሬሽማን ሲገባ የሚሰጠው መታወቂያና የዶርም ቁልፍ ነው፣ እነሱ ጋ ደጋፊነትም አብሮ ይሰጠዋል። ይሄ ደግሞ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ደረሰኝ፦

እኔ በሙያዬ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ስለዚ ዲናችሁ ያሰቡትን ነገር ከብር አንፃር ልየው፣ ደስ የማይል ነገር ብናገር ይቅርታ።

የአሜሪካውን አይታችሁ አትመኙ። እዛ እንኳ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍሉ ወጪውን በራሱ ገቢ አይሸፍንም፣ ከተማሪ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ነው የሚደጎመው፣ በቲቪ የምናያቸው ትላልቆቹ ጥቂቶች ናቸው። በፈረንጆቹ እስከ 2021 ተጫዋቹ በስሙ እንኳ ብር ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ ግን ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲከፍል ተፈቅዶ ለመጀመሪያው አመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኗል። ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ።

"ተማሪ ይጎርፋል" የሚባለውም ወሬ አለ። በፈረንጆቹ 1984 ቦስተን ኮሌጅ የሚባለው በዛው በነሱ ፉትቦል የማያሚ ዩኒቨርሲቲን በመጨረሻዋ ሰከንድ በረጅም ኳስ 47 ለ 45 አሸነፈና ከዛ በኋላ አመልካቹ በሁለት አመት ሰላሳ በመቶ ገደማ ጨመረ ይላሉ፣ ኳሷን በወረወረው በዳግ ፍሉቲ ስም ነው ነገሩ የሚጠራው። ግን የኮሌጁ አመልካች ከዛ ጨዋታ በፊትም እያደገ ነበር፣ ህንፃውም መምህሩም ተሻሽሎ ነበር። ጨዋታው ረድቷል እንበል፣ ግን የሚያሳየው ነገር ነበረው። የኛ ሰው ቤት ሳይጠርግ እንግዳ አይጠራም።

ቅርብ ያለ ምሳሌ ከፈለግሽ ደቡብ አፍሪካን እይ። ዊትስ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 1921 የተቋቋመ የራሱ ክለብ ነበረው፣ በ2016/17 የሀገሪቱን ሊግ ዋንጫ በላ፣ ልክ ሶስት አመት ቆይቶ በ2020 የሊግ ቦታው ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ። መቶ አመት ሊሞላው አንድ አመት ሲቀረው ማለት ነው። ዋንጫ የበላ ክለብ እንዲህ ከሆነ ከታች የሚነሳ የኮሌጅ ቡድን ምን ይሆናል?

እኛ ሀገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ነው የሚካሄደው፣ ክለቡ ወራት ሙሉ ሌላ ከተማ ሆቴል ተቀምጦ ይጫወታል፣ የራሱ ከተማ ሰው በቲቪ ነው የሚያየው። የኮሌጁ ተማሪ ቡድኑን በአካል ካላየው በምን ይወደዋል? ደሞዙ፣ ሆቴሉ፣ ትራንስፖርቱ በየወሩ አለ፣ ተማሪው ግን የለም። ይሄን ሰንጠረዥ ሰርተሽ ለዲኑ ብታሳያቸው ጥሩ ነው፣ ከፈለግሽ እኔ አግዝሻለሁ።

የጣና ሞገድ፦

ደረሰኝ የብር ነገር ያልከው ይገባኛል፣ ግን ኳስን እንዲህ አትግፋት። እኔ የባህር ዳር ከተማ ደጋፊ ነኝ፣ ሞገዶቹ በ2010 ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲያልፉ ጎዳና ላይ አድሬያለሁ፣ በ2015 ሁለተኛ ሆነው ጨርሰው አፍሪካ መድረክ ላይ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ሲጥሉ አልቅሻለሁ። ህዳር 2012 እዚሁ ስታዲየማችን ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የነበረ ሰው ይመስክር፣ ያን ቀን እኮ ከማላውቀው ሰው ጋር ነው ተቃቅፌ የወጣሁት። በኋላ ካፍ ሜዳው ደረጃውን አላሟላም ብሎ ብሄራዊ ቡድናችን ሰው ሀገር "በሜዳዬ" ብሎ ሲጫወት ውስጤ ምን እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ስለዚ ሰው ፊት ለፊቱ ያየውን ነው የሚወደው በሚለው እስማማለሁ። የኔ ጥያቄ ለእህታችን፣ ከተማው ያለው ቡድን እያለ ሌላ ከማቋቋም ተማሪዎቻችሁን ሰብስባችሁ አንድ ማእዘን ይዛችሁ ሞገዶቹን በኮሌጃችሁ ስም ብትደግፉስ? ባነራችሁንም ሰው ያየዋል።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ እንደምን አላችሁ። ሰላሳ ምናምን አመት አስተምሬ አሁን ቤቴ ነኝ፣ ልጄ ናት ይሄን ገፅ ያሳየችኝ። የሁላችሁንም አነበብኩ፣ አንድ የሚገርም ነገር ስላለ ልፅፍ ተነሳሁ።

ይሄ አሁን የምታወሩለት የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት በምን እንደተጀመረ ታውቃላችሁ? በኳስ አይደለም። በሀይቅ ላይ በጀልባ ነው። በፈረንጆቹ 1852 ነሀሴ ወር ሀርቫርድና ዬል ዊኒፔሶኪ በሚባል ሀይቅ ላይ ቀዘፋ ገጠሙ፣ በዛች ሀገር ሁለት ኮሌጆች ስፖርት ሲጋጠሙ ያ የመጀመሪያው ነው። ወጪውን የቻለላቸው ደግሞ አንድ የባቡር ድርጅት ነው፣ ለምን ብትሉ በሱ መስመር ወደ ሀይቁ የሚሄድ ጎብኚ ፈልጎ። ሀርቫርድ አሸነፈ። ከዛ በፊት በ1829 እንግሊዝ ሀገር ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ቴምዝ ወንዝ ላይ ጀምረዋል፣ ነገሩን ያነሳሱት አንድ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፣ አንዱ ካምብሪጅ አንዱ ኦክስፎርድ ሲገባ ማለት ነው። ዛሬ ድረስ አለ፣ ስድስት ኪሎሜትር ከስምንት መቶ ሜትር ይቀዝፋሉ፣ ህዝቡ ወንዙ ዳር ቆሞ ያለ ትኬት ያያል።

ልጄ የጣና ዳሯ፣ አንቺ የፃፍሽው የማልያው ነገር ነው ይሄን ሁሉ ያስታወሰኝ። በ1858 የሀርቫርድ ቀዛፊዎች ቦስተን ላይ ሊወዳደሩ ሲሉ ከሩቅ የሚያይ ሰው እንዲለያቸው ብለው ሁለት ልጆች ቀይ የሀር ሻሽ ገዝተው ለጓደኞቻቸው አከፋፈሉ፣ ራሳቸው ላይ አሰሩት። ከሁለቱ አንዱ ቻርልስ ኤልየት ነው፣ በኋላ አርባ አመት የሀርቫርድ ፕሬዝዳንት የሆነው። ዛሬ በአለም የታወቀው የሀርቫርድ ደማቅ ቀይ ከዛች ሻሽ የመጣ ነው። የካምብሪጅም ውሃ ሰማያዊ እንዲሁ ነው፣ በ1836 ጀልባው አፍንጫ ላይ ካሰሯት ሪባን። አሁን ግን ተቋሙ መጀመሪያ ለባለሙያ ከፍሎ አርማና ቀለም ያሰራል፣ ከዛ ወዳጅ ይፈልጋል።

እኛ ደግሞ ጣና አለን። ከደጃችሁ። ታንኳ የሚሰሩ፣ ደንገሉን አጭደው አድርቀው የሚያስሩ ሰዎች እዚሁ ሀይቁ ዳር አሉ። በባህር ዳር ያሉ ኮሌጆች በአመት አንድ ቀን በታንኳ ቢገጥሙ፣ እኔ በዚህ እድሜዬ በከዘራ ሄጄ ቆሜ አያለሁ። በኳስ ከሄዳችሁ ከሺ ቡድን አንዱ ናችሁ። እንዲህ ያለው ግን የጣና ልጅ ብቻ የሚያደርገው ነው።

የጣና ዳሯ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ እውነት ነው የምልዎት ያነበብኩት ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነው። የዳኛውን ነገር ስፅፍ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማልያ እንኳ ሳይሆን በአንድ ሻሽ ይጀመራል ማለት ነው። የፔዳ ልጅ፣ ስላንተ አንሶላም ለዲኑ ልነግራቸው ነው ከፈቀድክልኝ። የጣና ሞገድ፣ ያልከው ጥሩ ነው፣ ስታዲየም አብሮ መሄዱን ለተማሪ መማክርቱ አቀርበዋለሁ።

አሁን የምፈራው ውሃውን ነው፣ ተማሪዎቻችን ግማሹ ዋና አይችልም። ታንኳስ ማንም ገብቶ ይቀዝፈዋል እንዴ?

ዘጌ ማዶ፦

እህቴ እኔ ሀይቁ ላይ ነው ያደግኩት፣ አባቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ያመጣ ነበር፣ ስለዚ ይሄን ለኔ ተዪው።

ታንኳ በአንድ ቀን አይለመድም። መጀመሪያ የሚከብደው መቀመጡ ነው፣ ዳር ይዘሽ ከገባሽ ይገለብጥሻል፣ መሀሉን ረግጠሽ ቶሎ ቁጭ ነው። መቅዘፊያው ረጅም ቀርከሃ ነው፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቅሽ ነው የምትመቺው፣ አዲስ ሰው አንድ ጎን ብቻ እየመታ ባለበት ይዞራል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከሀይቁ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው ፀሀይ ያስመቱታል፣ እንዲያም ሆኖ ብዙ አይቆይም፣ ስለዚ ታንኳውን ለውድድሩ ሲቃረብ አሰሩ፣ ከወራት በፊት አሰርታችሁ እንዳታስቀምጡ። ለሰሪዎቹም ዋጋቸውን በደንብ ክፈሉ፣ ስማቸውንም ጥሩ፣ ሙያው የነሱ ነው።

ሰአቱ ጠዋት ይሁን። ከሰአት በኋላ ንፋስ ይነሳና ሀይቁ ሞገድ ይሆናል፣ ጠዋት አንድ ሰአትና ሁለት ሰአት ላይ ግን እንደ መስታወት ነው። አባይ ከሀይቁ በሚወጣበት በኩል አትሂዱ፣ ጉማሬ አለ። ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለበት፣ ላይፍ ጃኬት ለሁሉም፣ ሁለት የሞተር ጀልባ ከጎን ተከትሎ። እምቦጭ ያለበትንም ቀድማችሁ አይታችሁ ምረጡ፣ ታንኳ እምቦጭ ውስጥ ከገባ አይንቀሳቀስም። ምናልባት ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት ተማሪው ወጥቶ መስመሩን ቢያፀዳ እሱም ራሱ አብሮ መስራት ነው፣ የሁለቱም ኮሌጅ ልጆች ተቀላቅለው።

ለመጀመሪያው አመት አራት አራት ልጅ ከየኮሌጁ ይበቃል፣ ዋና የሚችሉትን ብቻ ምረጪ። ስድስት ሳምንት ስጪኝና እሁድ እሁድ ጠዋት አለማምዳቸዋለሁ፣ ብር አልፈልግም፣ ቁርስ አሳ ለብለብ ከጋበዛችሁኝ በቂ ነው።

የጣና ዳሯ፦

ሌሊቱን ፅፌ ጨረስኩት። ሊጉን አንድ ገፅ ላይ ከነ ወጪው አስቀመጥኩት፣ ደረሰኝ የሰራልኝን ሰንጠረዥ አያይዤ፣ ቀሪው ስለ ታንኳው ነው። ከመንገድ ማዶ ያለው ኮሌጅ ህዝብ ግንኙነት የምትሰራው ልጅ ሃይስኩል አብረን ነው የተማርነው፣ ትናንት ደወልኩላትና ሳልጨርስ "እናሸንፋችኋለን" አለችኝ፣ እኔም ሳላስበው "እናያለን!" ብዬ ጮህኩባት፣ ቢሮ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ዛሬ ምሳ ሰአት ተማሪዎቹን ቀለም አስመርጫለሁ። አካውንቲንጎቹ የዘጌ ቡና ሲቀላ ያለውን ቀይ አሉ፣ ነርሲንጎቹ የደንገሉን አረንጓዴ አሉ፣ እስካሁን አልተስማሙም፣ ከክፍል ውጪ ቆመው እየተከራከሩ ትቻቸው መጣሁ። ዘጌ ማዶ፣ እሁድ ጠዋት አንድ ሰአት ላይ ስምንት ልጆች ይዤ እመጣለሁ፣ የቱ ጋ እንገናኝ? ሻሽስ በጅምላ የት ነው በርካሽ የሚገኘው፣ የምታውቁ ንገሩኝ።